ሊነክስ ለአሮጌ መሣሪያዎች በሩን የሚዘጋው መቼ ነው?

የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሊነስ ቶርቫልድስ በአውሮፓውያኑ 1991 ሊነክስ የተባለውን ስርዓተ ክወና መሥራት የጀመረው ኢንቴል 386 ፕሮሰሰር በተገጠመለት የግል ኮምፒውተሩ ነበር። ከ21 ዓመታት በኋላ፣ በ2012 መጨረሻ፣ ለዚያው ፕሮሰሰር የተጻፈው ኮድ ይውጣ የሚል ሐሳብ ሲቀርብለት አላቅማማም። ለአሮጌው ማሽን የተለየ ናፍቆት እንደሌለው ገልጾ ለውጡን ተቀበለ። በየካቲት 2013 ይፋ የሆነው የ3.8 እትም ሊነክስ በተወለደበት ማሽን ላይ የማይሠራ ሊነክስ ሆነ።

ሊነክስ ማንም ሰው ኮዱን ሊያነበው፣ ሊያሻሽለውና በነጻ ሊያሰራጨው የሚችል ክፍት ምንጭ ሥርዓት ነው። አንድሮይድ ስልኮችና አብዛኞቹ የኢንተርኔት አገልጋይ ኮምፒውተሮች በእርሱ ላይ ይንቀሳቀሳሉ። ከርነል የሚባለው እምብርቱ የኔትወርክ፣ የድምፅ ወይም የግራፊክስ ካርድን ማዘዝ ሲፈልግ መካከል ላይ አስተርጓሚ ያስፈልገዋል። ይህ አስተርጓሚ ድራይቨር ይባላል።

በዊንዶውስ ዓለም ድራይቨሩን ብዙውን ጊዜ የሚያዘጋጀው የመሣሪያው አምራች ነው። በሊነክስ ግን አብዛኞቹ ድራይቨሮች የከርነሉ አካል ሆነው አብረው ይኖራሉ። ከ30 ሚሊዮን መስመር ከሚበልጠው የከርነሉ ኮድ ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የድራይቨሮች ነው። ችግሩም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። አንድ ባለሙያ የከርነሉን ውስጣዊ አሠራር ሲቀይር በለውጡ የሚነኩትን ድራይቨሮች ሁሉ አብሮ ማስተካከል ይጠበቅበታል። ከእነዚህ መካከል ለ1990ዎቹ ካርዶች የተጻፉ፣ ባለሙያው በዓይኑ እንኳ አይቷቸው የማያውቃቸው ይገኛሉ። ኮዱ ያለስህተት መተርጎሙን ማረጋገጥ ይችል ይሆናል፤ መሣሪያው በትክክል መሥራቱን ግን መሣሪያው ራሱ ከሌለ የሚያረጋግጥበት መንገድ የለም። በዚህ ምክንያት አንዳንድ ድራይቨሮች ከተበላሹ ዓመታት ያለፋቸው ሆነው ይገኛሉ። በእነዚያ ዓመታት አቤቱታ ያቀረበ ሰው ካልነበረ ተጠቃሚ ላለመኖሩ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም።

ዕድሜ ብቻውን አያስወጣም

ሞቶሮላ 68000 የተባለው የፕሮሰሰር ቤተሰብ የተዋወቀው በ1979 ነው። አሚጋ፣ አታሪና የመጀመሪያዎቹ የማኪንቶሽ ኮምፒውተሮች የተሠሩት በእርሱ ነበር። ከቤተሰቡ ለሊነክስ የሚመቹት አባላት እስካሁን ድጋፍ አላቸው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ጥቂት በጎ ፈቃደኞች ማሽኖቹን ጠብቀው ይዘዋል፣ አዳዲስ እትሞችን ይሞክራሉ፣ የተበላሸውንም ይጠግናሉ።

ኢንቴል ከኤችፒ ጋር ያዘጋጀውና በ2001 ለገበያ ያቀረበው አይታኒየም ከሞቶሮላው በ22 ዓመት ያንሳል። ብዙ ገንዘብ የፈሰሰበትና ለትልልቅ ድርጅቶች ታስቦ የተሠራ ነበር። ይሁንና በ2021 ተንከባካቢ የሌለው ተብሎ ተመዘገበ፤ በዚያው ዓመት ኢንቴል የመጨረሻዎቹን ምርቶች አስረከበ፤ በጥር 2024 በወጣው የ6.7 እትም ደግሞ ከከርነሉ ተሰረዘ። አዛውንቱ ኖሮ ጎልማሳው የተሰናበተው በጉልበት ማነስ ሳይሆን ጠያቂ በማጣት ነው።

የፍሎፒ ዲስክ ድራይቨር ታሪክም ከዚህ አይርቅም። በ2019 ኮዱን ይከታተል የነበረው ባለሙያ የሚሠራ የፍሎፒ መሣሪያ እንደሌለው አሳወቀ፤ ቶርቫልድስም ድራይቨሩን ወላጅ አልባ ብሎ መዘገበው። ብዙም ሳይቆይ ሌላ ባለሙያ ኃላፊነቱን ተረከበና ኮዱ ተረፈ። ፍሎፒን የሚያስታውስ ወጣት ጥቂት ቢሆንም፣ በኮምፒውተር ውስጥ ኮምፒውተርን በሚያስመስሉ ቨርቹዋል ማሽኖች ዘንድ ገና አገልግሎት ነበረው።

ለመሆኑ ማንም የማይነካው ኮድ በቦታው ቢቀር ምን ይጎዳል? በ2015 ቬኖም የሚል ስም የተሰጠው የደኅንነት ቀዳዳ መልስ ይሆናል። ቀዳዳው የተገኘው በሊነክስ ከርነል ሳይሆን ኪውኢሙ በተባለው የቨርቹዋል ማሽን ፕሮግራም ውስጥ፣ የፍሎፒ መቆጣጠሪያን በሚያስመስለው ክፍል ነበር። በ2004 ገብቶ ለ11 ዓመታት ማንም ሳያየው ተቀምጧል። ሰርጎ ገብ ከአንድ ቨርቹዋል ማሽን አፈትልኮ፣ የሌሎች ደንበኞች መረጃ ወዳለበት ዋና ኮምፒውተር እንዲሻገር ዕድል የሚሰጥ ነበር። ይባስ ብሎ የሥርዓቱ አስተዳዳሪ ፍሎፒውን ቢያጠፋው እንኳ ኮዱ በሌላ ስህተት ምክንያት በሥራ ላይ ይቆይ ነበር። የቀዳዳው ተጋላጮች በሕይወታቸው ፍሎፒ ያልነኩ ሰዎች ጭምር ነበሩ።

ስንብቱ እንዴት ይከናወናል?

ድራይቨር በአንድ ጀምበር አይሰረዝም። በመጀመሪያ ተጠቃሚ ካለ እንዲናገር በይፋ ይጠየቃል። ዝምታው ከቀጠለ ተንከባካቢ እንደሌለው ይመዘገባል፣ አንዳንዴም ለመውጣት ወደተዘጋጀ የኮድ ክፍል ይዛወራል፤ ከዚያ በኋላ ነው የሚሰረዘው። አንዳንዴ ስረዛው በጅምላ ይሆናል። በ2018 በ4.17 እትም ስምንት የፕሮሰሰር ዓይነቶች ተጠራርገው ሲወጡ ግማሽ ሚሊዮን ያህል መስመር አብሮ ሄዷል። በ2023 ደግሞ ስሪዲኤፍኤክስን ጨምሮ በ1990ዎቹ የኮምፒውተር ጨዋታ ወዳጆች የሚያስታውሷቸው የግራፊክስ ካርዶች ድራይቨሮች በ6.3 እትም ተሰናበቱ። ከከርነሉ ጋር ተቀናጅቶ ምስሉን የሚያዘጋጀው ሜሳ የተባለ ፕሮግራም እነዚህን ካርዶች የተዋቸው ግን ከ10 ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ነበር፤ ከርነሉ ውስጥ የቀረው ግማሽ አካል ነበር ማለት ይቻላል።

ለቪዲዮ ካሜራና ለድምፅ መቅጃ መሣሪያዎች ይውል የነበረው ፋየርዋየር በአንጻሩ የተሻለ ዕድል ገጥሞታል። በ2023 ኃላፊነቱን የተረከበው ባለሙያ እስከ 2029 እንደሚንከባከበው አስታውቋል። ተጠቃሚዎች የመሰናዶ ጊዜ ያገኙበት፣ ለሌሎችም ምሳሌ ሊሆን የሚገባው አካሄድ ነው።

የተሰረዘ ኮድ በታሪክ መዝገቡ ውስጥ ስለሚኖር የሚንከባከበው ሰው ከተገኘ ሊመለስ ይችላል። እስከዚያው ድረስ መሣሪያው ያላቸው ሰዎች ለዓመታት የደኅንነት ማሻሻያ በሚያገኝ የረዥም ጊዜ እትም መቆየት ይችላሉ። ጉዳቱ የሚከብደው በአሮጌ ካርድ የሚንቀሳቀስ የፋብሪካ ወይም የላቦራቶሪ መሣሪያ ባላቸው ላይ ነው። ካርዱን ለመቀየር ማሽኑን በሙሉ መቀየር ሊያስፈልጋቸው ይችላል።

ጉዳዩ ከጥቅምት 2025 ወዲህ ብዙ ሰዎችን የሚመለከት ሆኗል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ በማቋረጡ ኮምፒውተራቸው ዊንዶውስ 11ን የማይቀበልላቸው ሰዎች ወደ ሊነክስ እያማተሩ ነው። ያገለገለ ላፕቶፕ ለዘመድ ወደ አገር ቤት የሚልኩ ሰዎችም ይህንኑ አማራጭ ሊያስቡ ይችላሉ። ባለ 64 ቢት ፕሮሰሰር ያላቸው ላፕቶፖች እስካሁን በተነገሩት ስረዛዎች እምብዛም አይነኩም። ባለ 32 ቢት የሆኑት ግን መጠንቀቅ አለባቸው፤ ዴቢያን የተባለው ታዋቂ የሊነክስ ስርጭት በነሐሴ 2025 ባወጣው 13ኛ እትም ለእነርሱ የሚሆን ከርነልና መጫኛ ማዘጋጀቱን አቁሟል።

ቀላሉ መፈተኛ የተመረጠውን ስርጭት በዩኤስቢ ፍላሽ ላይ አዘጋጅቶ፣ ምንም ሳይጭኑ ኮምፒውተሩን ከፍላሹ ማስነሳት ነው። ዋይፋዩ ከተገናኘ፣ ድምፁ ከተሰማና ስክሪኑ በትክክል ከታየ ድራይቨሮቹ አሉ ማለት ነው። ሙከራው ላፕቶፑ ሻንጣ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ቢደረግ ይመረጣል።