ራስ ደስታ ዳምጠው ከነገሌ በኋላ

የጦር አበጋዞች ስም ብዙውን ጊዜ ከአንድ የድል ወይም ከአንድ የሽንፈት ቀን ጋር ተያይዞ ይቀራል። የራስ ደስታ ዳምጠው ስምም በደቡብ ጦር ግንባር ታሪክ ሲነሣ አስቀድሞ የሚታወሰው ነገሌ ቦረና በጠላት እጅ የወደቀችበት ጥር 1928 ዓ.ም. ነው። ይሁን እንጂ የኚህን አርበኛና የቤተሰብ አባት ማንነት በሚገባ ለመመዘን ከዚያ ቀን በኋላ የተከተሉትን አሥራ ሦስት ወራት መመርመር ያሻል።

ራስ ደስታ የተወለዱት በጉራጌ ምድር ነው። አባታቸው ፊታውራሪ ዳምጠው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ ሲወድቁ እርሳቸው ገና ሕፃን ነበሩ። ለአቅመ አዳም ከደረሱ በኋላ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ልጅ ልዕልት ተናኘወርቅን አግብተው አራት ሴቶችና ሁለት ወንዶች ልጆች አፈሩ። በ1925 ዓ.ም. በልዩ መልእክተኛነት ወደ አሜሪካ ተጉዘው ከፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ጋር ተገናኝተዋል። በጠቅላይ ገዥነት ሲዳሞንና ቦረናን ያስተዳድሩ ስለ ነበር ጦርነቱ ሲጀመር የደቡቡ ግንባር ኃላፊነት በትከሻቸው ላይ ወደቀ።

ሠራዊታቸው ከደጋው ወርዶ በገናሌ ዶሪያ ሸለቆ በኩል ወደ ዶሎ አቅጣጫ የገሠገሠው በእግሩ ነበር። ስንቁ በአጋሰስ ይጫናል፤ መንገዱ ቆላ፣ ሙቀቱ ብርቱ፣ የውሃው ቦታ ደግሞ የተራራቀ ነው። በአንጻሩ ጄኔራል ግራዚያኒ የጭነት መኪና፣ ብረት ለበስ ተሽከርካሪና አውሮፕላን ነበረው፤ በመርዝ ጋዝም ተጠቅሟል። ታኅሣሥ 20 ቀን 1928 ዓ.ም. በመልካ ዲዳ ሰፍሮ ቁስለኞችን ያክም የነበረው የስዊድን ቀይ መስቀል ሆስፒታል በአውሮፕላን ተደብድቦ ሕሙማን አለቁ፤ የቡድኑ መሪ ዶክተር ፍሪዴ ሂላንደርም ቆሰሉ።

ጥር 3 ቀን የተጀመረው የግራዚያኒ ጥቃት ከ300 ኪሎ ሜትር የሚበልጠውን መንገድ በመኪና አቋርጦ በጥምቀት ዕለት፣ ጥር 11 ቀን፣ ነገሌ ደረሰ። ወንዙ በጠላት መትረየስ ሥር ሲገባ በጥይት ያልወደቀው ወታደር በውሃ ጥም ተፈታ። ስለዚህ የገናሌው ሽንፈት የልብ ማነስ ውጤት አልነበረም፤ እግረኛ ከሞተር ጋር በበረሃ የገጠመበት፣ ውሃን የያዘም ያሸነፈበት ውጊያ ነበር።

የሰውየው ፈተና የጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አገር ለቀው ሲወጡ የራስ ደስታም ባለቤትና ልጆች ተሰደዱ። የደቡብ ጠረፍ ወደ ኬንያ የሚያሻግር ነበርና እርሳቸውም ወደ ቤተሰባቸው መሄድን ሊመርጡ ይችሉ ነበር። ግን አልሄዱም። በሲዳሞ ደጋ ደኖች ውስጥ የተበተነውን ጦር እያሰባሰቡ መዋጋትን መረጡ። ኅዳር 1929 ዓ.ም. ይርጋዓለም በጠላት ከተያዘች በኋላም ከባሌው ገዥ ከደጃዝማች በየነ መርድና ከደጃዝማች ገብረ ማርያም ጋሪ ጋር ሆነው ትግሉን ቀጠሉ። የካቲት 1929 ዓ.ም. በጎጌቲ በተደረገው ውጊያ ጦሩ ተከበበ። ደጃዝማች ገብረ ማርያም በውጊያው ሲወድቁ፣ የንጉሠ ነገሥቱ ሌላው አማች ደጃዝማች በየነ ተይዘው ተገደሉ። ራስ ደስታ ከከበባው ቢያመልጡም በቡታጅራ አካባቢ ተይዘው የካቲት 17 ቀን በጥይት ተደበደቡ። የአዲስ አበባ ሕዝብ በግፍ ከተጨፈጨፈበት ከየካቲት 12 ገና አምስት ቀን ብቻ አልፎ ነበር።

ልጆቻቸው ከስደት የተመለሱት አባት ወደሌለበት ቤት ነው። ከወንዶቹ ልጆች አንዱ እስክንድር ደስታ አድገው በባሕር ኃይል ውስጥ ለአድሚራልነት ማዕርግ በቁ። ከዚያ በኋላ ግን የነገሌ ስም ወደዚህ ቤተሰብ ታሪክ በሌላ መንገድ ተመለሰ። ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. በነገሌ ቦረና የሰፈረው የጦር ክፍል ወታደሮች የሚጠጡት ውሃና የሚመገቡት ምግብ እጅግ በመበላሸቱ አመፁ፤ አቤቱታቸውን እንዲያዩ የተላኩትን ጄኔራል ድረሴ ዱባለንም ይዘው ያንኑ ምግብና ውሃ አቀረቡላቸው። ከዚያ ጦር ሰፈር የተነሣው እንቅስቃሴ ወደ ሌሎች የጦር ክፍሎች ተዛምቶ በዓመቱ ውስጥ ዘውዱን ጣለ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. አድሚራል እስክንድር ያለ ፍርድ ከተገደሉት ባለሥልጣናት አንዱ ሆኑ፤ ልዕልት ተናኘወርቅና ሴቶች ልጆቻቸው በእስር ቆይተው የተፈቱት በ1980 ዓ.ም. ነው።

በዘመናት ልዩነት የተፈጸሙትን እነዚህን ሁለት ታሪኮች ማመሳሰል አይገባም። በ1928 የተጠማው ወታደር ከወራሪ ጋር ይዋጋ ነበር፤ በ1966 የተጠማው ግን የገዛ አለቆቹ እንዲሰሙት ነበር የጠየቀው። ሁለቱም ግን አንድ ነገር ያስረዳሉ፤ በቆላው ጠረፍ የቆመ ወታደር ስንቅና ውሃ ካልደረሰው፣ የማዕከሉ ትእዛዝ የቱንም ያህል ቢጠብቅ አገር አይጸናም።

አዲስ አበባ ውስጥ በራስ ደስታ ዳምጠው ስም የተሰየመው ሆስፒታል ዛሬም ሕሙማንን ያክማል። ሐኪሞች በቦምብ ሲደበደቡ ለተመለከተ የጦር መሪ፣ ይህ መታሰቢያ ከሐውልት ይልቅ የሚገባ ነው።