ልጅን አይቶ መምረጥ፦ ከክቡር ዘበኛ እስከ እንጅባራ

ከኛ መካከል ብዙዎቹ የስፖርት መምህር ሆነው ወረዳ ለወረዳ ተበትነዋል። ስንገናኝ የሚነሳው ጨዋታ ያው ነው፤ «እናንተ ጋ የሚሮጥ ልጅ አለ?» እንባባላለን። የሚሮጥ ልጅማ ሞልቷል። ታሪክ ያለው «ማን አየው? በምን መዘነው? የት አደረሰው?» የሚለው ጥያቄ ነው።

መጀመሪያ መልማዩ ወታደር ቤት ነበር። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶን ሲያሸንፍ የክቡር ዘበኛ ወታደር ነበር፤ አሠልጣኙም ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን። ማሞ ወልዴ ከዚያው ከክቡር ዘበኛ፣ ምሩፅ ይፍጠር ደግሞ ከአየር ኃይል ወጡ። ወታደር ቤት ግን የሚያየው ደጁን አልፎ የገባለትን ጎልማሳ ነው። ገና ዘጠነኛ ክፍል ያለውን ልጅ ማን ይየው?

ይህን ጥያቄ አርሲ ውስጥ በቆጂ መለሰችው። የትምህርት ቤት የስፖርት መምህሩ ስንታየሁ እሸቱ ደራርቱ ቱሉን፣ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን ገና በልጅነታቸው አይቷል። ሰውየው ያለው መሣሪያ ብዙ አልነበረም። ትልቁ ነገር እዚያው መቆየቱ ነው። ልጆቹን አንድ ቀን ሳይሆን በየጠዋቱ፣ ከዓመት ዓመት ያያቸዋል።

እዚህ ላይ ወደ ራሳችን አገር ልመለስ። እንጅባራ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር፣ ዳንግላ ከ2,100 ሜትር በላይ ናቸው። ከፍታውና ብርዱ አልጎደለብንም። የቲሊሊው ልጅ የኔው አላምረው እ.ኤ.አ. በ2011 ዶሃ ላይ 3,000 ሜትርን በ7 ደቂቃ ከ27 ሰከንድ ሮጦ አሸንፏል። ከጎረቤታችን ከሰከላ የወጣችው ውዴ አያሌው በ2009 በርሊን ላይ በ10,000 ሜትር የዓለም ሻምፒዮና ነሐስ አግኝታለች። ታዲያ ከበቆጂ ጋር ሲተያይ ቁጥራችን ለምን አነሰ? እኔ እንደማምነው ያነሰው የሚያየው ሰው ነው እንጂ ልጁ አይደለም።

አሠራራችንን ታውቁታላችሁ። ልጁ ከትምህርት ቤት ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ክልል ውድድር ይሄዳል። መልማዮች መጨረሻ መስመር ላይ ቆመው ቀዳሚዎቹን ይዘው ይሄዳሉ። እዚያው ውድድር ላይ ጢም ያወጣው የ16 ዓመት ልጅና ድምፁ ገና ያልጎረነነው እኩያው ጎን ለጎን ይሮጣሉ። ሰዓቱ ማን እንደቀደመ ይናገራል፤ ማን ገና እንደሚያድግ አይናገርም። አራተኛ የወጣው ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ በዓመቱ ማንም አይጠይቀውም።

አሜሪካኖች ይህንን በቅርጫት ኳስ አይተውታል። እዚያ ዩኒቨርሲቲዎች የሁለተኛ ደረጃ ተጫዋቾችን ነፃ የትምህርት ዕድል ሰጥተው ስለሚወስዱ፣ መልማዮቻቸው ወጣቶቹን ደጋግመው ይጎበኛሉ። ማይክል ጆርዳን እ.ኤ.አ. በ1978 አሥረኛ ክፍል ሳለ በትምህርት ቤቱ ዋና ቡድን ውስጥ አልገባም፤ ቦታውን ያገኘው ከሱ የሚረዝም የክፍል ጓደኛው ነው። ጆርዳን ግን ሁለተኛው ቡድን ውስጥ ተጫወተ፣ ቁመት ጨመረ፣ በዓመቱ እንደገና ታየ። በ1981 ኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ገባ። ያተረፈው ሁለተኛው ዕይታ ነው። የኛ ልጅ ሁለተኛ ቡድን የለውም።

የተመረጠውም ቢሆን ችግር አለበት። በኛ አገር ዩኒቨርሲቲ የሚገባው በፈተና ነው፤ ሩጫ የዩኒቨርሲቲ በር አያስከፍትም። ክለብ ግን ደመወዝ ይከፍላል። ስለዚህ አሥረኛ ክፍል ላይ የተመረጠ ልጅ ብዙ ጊዜ ደብተሩን ጥሎ ይሄዳል። ጥሩነሽ ዲባባ አዲስ አበባ ስትመጣ የትምህርት ቤት ምዝገባ አልፎባት ማረሚያ ቤቶች ክለብ እንደገባች ይነገራል፤ እሷ ሦስት የኦሎምፒክ ወርቅ አገኘች። ጉልበቱ ተጎድቶ በሁለት ዓመት የሚመለሰውስ? ክለቡም የለ፣ ትምህርቱም የለ። በአንድ ቀን ውድድር የተመዘነ ልጅ፣ ቢቀርም ቢሄድም ይጎዳል።

መቼም አዊ ማየት አያቅተውም። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ ሲሰበሰብ ሽማግሌዎቹን አዳምጡ። ውርንጭላን በአንድ ግልቢያ የሚገምት የለም፤ እናቱን ይጠይቃሉ፣ እግሩን ያያሉ፣ ዓመት ይጠብቃሉ። ለፈረስ ያልነፈግነውን ትዕግሥት ለልጅ እንንፈገው?

እኔ በማስተምርበት ትምህርት ቤት አንድ ደብተር አለኝ። መስከረምና ሰኔ ላይ የየልጁን ቁመት፣ የ1,500 ሜትር ሰዓት፣ ከቤት ስንት ሰዓት ተጉዞ እንደሚመጣና የክፍል ውጤቱን እጽፋለሁ። የትውልድ ቀኑን እናቱን ነው የምጠይቀው። ደረጃውን ብቻ ሳይሆን ከመስከረም እስከ ሰኔ ምን ያህል እንዳሻሻለ አያለሁ። ዘጠነኛ ክፍል እያለ መሃል ላይ ይቀር የነበረ አንድ ልጅ አሥራ አንደኛ ክፍል ላይ ፊት ሆኗል፤ ደብተሩ ባይኖር ማንም አያስታውሰውም ነበር። አሁንም ይማራል።

በዳንግላ፣ በቻግኒ፣ በቲሊሊ ያላችሁ ጓዶች፣ ሥራው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። አንድ ሜትር፣ አንድ የእጅ ሰዓት፣ አንድ ደብተር ይበቃል። መምህር ሲቀየር ደብተሩ ለተተኪው ይቅር፤ መልማይ ሲመጣ ደብተሩን እናሳየው፤ ልጁ ሲሄድም የት ትምህርት ቤት እንደሚመዘገብ እንጠይቅ። በሚቀጥለው ስንገናኝ ደብተራችሁን ይዛችሁ ኑ።