የትንሽ አገር ድምፅ በትልቅ ገበያ

አራት መቶ ሺህ የማይሞላ ሕዝብ ያላት ደሴት ዘፈኗን ለዓለም ገበያ ስታቀርብ ምን ይቀርላታል? ምንስ ይወሰድባታል? የአይስላንዳዊቷ ድምፃዊትና የዜማ ደራሲ የቢዮርክ ጉድሙንድስዶቲር ታሪክ ይህንን ለመመርመር ያመቻል።

ቢዮርክ በ1965 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሬይክያቪክ ስትወለድ፣ አገሯ ከዴንማርክ ዘውድ ተላቅቃ ሪፐብሊክ ከሆነች ገና ሃያ አንድ ዓመት ነበር። የመጀመሪያ ሸክላዋ በ1977፣ በልጅነቷ ወጣ። ቀጥሎ የፓንክ ወጣቶችን ጎራ ተቀላቀለች፤ በ1986ም ከጓደኞቿ ጋር «ስሜክሌይሳ»፣ ማለትም «ጣዕመ ቢስነት»፣ የተባለ ማሳተሚያ አቋቋመች። በ1988 በውጭ አገር የታወቀው «ሹገርኪዩብስ» የተሰኘው ቡድን ከዚሁ ክበብ የፈለቀ ነው፤ መነሻው የትልቅ ኩባንያ ቸርነት አልነበረም።

በ1993 ለንደን ተቀምጣ «ዴቢዩ»ን ስታወጣ የጭፈራ ቤቱን የኤሌክትሮኒክ ምት ተቀበለች፤ በእንግሊዝኛም ዘፈነች። ሥሯን ከዳች የሚል አይጠፋም። እኔ ግን አይመስለኝም። በ1997 በወጣው «ሆሞጄኒክ» የአይስላንድ ባለ ክር መሣሪያ ተጫዋቾች ከእንግሊዛዊው ማርክ ቤል የማሽን ምት ጋር ገጥመዋል፤ ድምፁም የእሳተ ገሞራ አገር ድምፅ ነው። ቃሉ እንግሊዝኛ ቢሆንም በአንደበቷ የሚንከባለለው «ር» የትውልድ አገሯ ነው። ቋንቋን መዋስና ራስን መሸጥ አንድ አይደሉም።

«ባህል ከፖለቲካ ውጭ ነው» ለሚሉ ደግሞ 2008ን ማስታወስ ይበቃል። ባለፈው ዓመት ያወጣችውን፣ ነፃነትን ማወጅ የሚል ዘፈኗን ለግሪንላንድና ለፋሮ ደሴቶች አበርክታ ነበር፤ በየካቲት ቶኪዮ ላይ ለኮሶቮ ዘፈነችው፤ በመጋቢት ሻንጋይ ላይ የቲቤትን ስም ጠራችበት። የቻይና ባህል ሚኒስቴርም በውጭ አገር ዘፋኞች ላይ ቁጥጥሩን እንደሚያጠብቅ አስታወቀ።

ይሁንና በሰው አገር መድረክ ለሌሎች ነፃነት መጮህ ቀላሉ ክፍል ይመስለኛል። ከባዱ በቤቷ ጠበቃት። በሰኔ 2008 ከ«ሲጉር ሮስ» ጋር ለአይስላንድ ተፈጥሮ ጥበቃ በሬይክያቪክ ባቀረበችው ነፃ ትርኢት ሠላሳ ሺህ ያህል ሕዝብ ተገኘ። በዚያው ዓመት መገባደጃ የአገሪቱ ባንኮች ተንኮታኮቱ፤ የውጭ ገንዘብም የተፈጥሮ ሀብቱን በር ያንኳኳ ጀመር። ማግማ የተባለ የካናዳ ኩባንያ ከምድር እንፋሎት ኤሌክትሪክ የሚያመነጨውን ድርጅት ሲገዛ፣ ቢዮርክ ጉዳዩ ለሕዝብ ድምፅ እንዲቀርብ ፊርማ አሰባሰበች። በጥር 2011ም ሦስት ቀን ሙሉ ሕዝቡ እየተፈራረቀ እንዲዘፍን አደረገች። ከአርባ ሰባት ሺህ በላይ ፊርማ ለመንግሥት ቀረበ። ሽያጩ ግን አልተሻረም።