በጀርመን ከሚኖር የትዳር ጓደኛ ጋር ለመኖር የሚያስፈልጉ የቋንቋና የሰነድ መስፈርቶች፦ ለየካ ክፍለ ከተማ ነዋሪዎች የቀረበ መረጃ

ይህ መረጃ የተዘጋጀው የትዳር ጓደኛቸው በጀርመን አገር ለሚኖር፣ እነርሱ ግን በየካ ክፍለ ከተማ ከቀበና እስከ ኮተቤ፣ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ ላይ እስከ እንጦጦ ተራራ ግርጌ ባሉ መንደሮች ለሚኖሩ ዜጎች ነው። በሌሎች ክፍለ ከተሞች ለሚኖሩም ደንቡ ያው ነው፤ የሚለየው ሰነዱ የሚወጣበት ጽሕፈት ቤት ብቻ ነው።

በቅድሚያ አንድ ነገር ግልጽ ሊሆን ይገባል። ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ከአዲስ አበባ አይሰጥም። በዚሁ በየካ ክፍለ ከተማ፣ ቀበና አካባቢ የሚገኘው የጀርመን ኤምባሲ የሚሰጠው ቤተሰብን ለመቀላቀል የሚያገለግል የመግቢያ ቪዛ ነው። እርሱም ቢሆን የትዳር ጓደኛው በሚኖርበት ከተማ ያለው የውጭ ዜጎች ጉዳይ ቢሮ ማመልከቻውን ተመልክቶ ሲስማማ የሚሰጥ ነው። አመልካቹ ጀርመን ከገባ በኋላ ይኸው ቢሮ በጊዜ የተገደበ የመኖሪያ ፈቃድ ይሰጠዋል፤ ቋሚው ፈቃድ የሚጠየቀው እንደ ሁኔታው ከ3 ወይም ከ5 ዓመት በኋላ ነው። ይሁን እንጂ ከወረዳ ጽሕፈት ቤት የወጣው የጋብቻና የልደት ምስክር ወረቀት እስከ መጨረሻው ደረጃ ድረስ አብሮ ይጓዛል። ዛሬ በአንድ ፊደል ወይም በአንድ ቀን የተፈጠረ ስሕተት ባልና ሚስትን ለወራት ሊያለያይ፣ ከዓመታት በኋላም በሌላ አገር ማብራሪያ ሊያስጠይቅ ይችላል። በዚህ ምክንያት ከቋንቋው ይልቅ ለሰነዱ ሰፋ ያለ ቦታ ሰጥተናል።

የቋንቋ መስፈርት

ጀርመን የትዳር ጓደኛውን ሊቀላቀል የሚሄድ ሰው ከመነሣቱ በፊት መሠረታዊ ጀርመንኛ እንዲያውቅ መጠየቅ የጀመረችው በነሐሴ 1999 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2007) ባሻሻለችው የመኖሪያ ሕግ ነው። የሚጠየቀው ደረጃ ኤ1 ይባላል። ራስን ማስተዋወቅ፣ ቀላል ጥያቄ መጠየቅና መመለስ፣ ቅጽ መሙላት፣ አጭር መልእክት መጻፍ ማለት ነው። ፈተናው በማዳመጥ፣ በማንበብ፣ በመጻፍና በመናገር የተከፈለ ሲሆን ከ100 ነጥብ 60 ያገኘ ያልፋል። በአዲስ አበባ ትምህርቱንም ፈተናውንም የሚሰጠው የጎተ ኢንስቲትዩት ነው። ቋንቋውን በሌላ ትምህርት ቤት ወይም በግል አጥንቶ ለፈተናው ብቻ መመዝገብ ይቻላል። ሆኖም የሚያስፈልገው ዕውቅና ካለው ፈታኝ ተቋም የተገኘ የፈተና ምስክር ወረቀት እንጂ ትምህርት ቤቱ ለተማሪው የሚሰጠው የተሳትፎ ወረቀት አይደለም። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ሳያጣሩ ገንዘብም ጊዜም የሚያወጡ ስላሉ ከመመዝገብ በፊት መጠየቅ ይበጃል።

ለቪዛ ቃለ መጠይቅ የቀረበ ሰው በጀርመንኛ ስሙንና አድራሻውን መናገር ካቃተው የያዘው ምስክር ወረቀት ጥርጣሬ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ ፈተና ካለፉ በኋላ ትምህርቱን ማቋረጥ አይመከርም።

ከቋንቋው ግዴታ ነፃ የሚሆኑ አሉ። በሕመም ወይም በአካል ጉዳት ምክንያት ቋንቋውን መማር የማይችል ሰው፣ የትዳር ጓደኛው የአውሮፓ ብሉ ካርድ ያለው ሰው፣ እንዲሁም የትዳር ጓደኛው በስደተኛነት ዕውቅና ያገኘና ጋብቻቸው ባለቤቱ ወደ ጀርመን ከመሄዱ በፊት የተፈጸመ ሰው በዚህ ውስጥ ይገኛሉ። በስደተኛነት ዕውቅና ያገኘ ሰው ቤተሰብ አንድ ተጨማሪ ነገር ማወቅ አለበት። ዕውቅናው በተሰጠ በ3 ወር ውስጥ ጥያቄው ከቀረበ በቂ ገቢና መኖሪያ ቤት ማሳየት አይጠየቅም፤ ይህ ጊዜ ካለፈ ግን ሊጠየቅ ይችላል። ቀጠሮ እስኪገኝ መጠበቅ ቀኑን ስለሚያሳልፍ ጥያቄው መቅረቡን በጽሑፍ አስቀድሞ ማሳወቅ ይገባል።

ለንጽጽር ያህል፣ የኢትዮጵያ የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 ዜግነት የሚጠይቅ የውጭ አገር ሰው ከአገሪቱ ብሔር ብሔረሰቦች ቋንቋዎች በአንዱ መግባባት እንዲችል ሲጠይቅ፣ ኢትዮጵያዊት ወይም ኢትዮጵያዊ ላገባ ሰው በተለይ በደነገገው አንቀጽ ግን ይህን ቅድመ ሁኔታ አላስቀመጠም።

የጋብቻ ሰነድ

በአዲስ አበባ ተፈጻሚ የሆነው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖት ሥርዓት ወይም በባህል የተፈጸመ ጋብቻን እኩል ይቀበላል። በየትኛውም መንገድ የተፈጸመ ጋብቻ ግን መመዝገብ አለበት። በቤተ ክርስቲያን የተሰጠ የቃል ኪዳን ወረቀት ወይም የኒካሕ ወረቀት ለምዝገባው ማስረጃ ይሆናል እንጂ የጋብቻ ምስክር ወረቀትን አይተካም። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ምዝገባው ጋብቻው በተፈጸመ በ30 ቀናት ውስጥ መከናወን ይኖርበታል፤ ምስክር ወረቀቱን የሚሰጠውም የወረዳው የሲቪል ምዝገባና የነዋሪነት አገልግሎት ጽሕፈት ቤት ነው።

ውጭ አገር ያለው ሙሽራ ወይም ሙሽሪት በውክልና ጋብቻ ለመፈጸም ማሰባቸው የተለመደ ነው። ሕጉ ሁለቱም ወገኖች በአካል ቀርበው ፈቃዳቸውን እንዲገልጹ ያዛል። በእንደራሴ የሚፈጸም ጋብቻ የሚፈቀደው ከባድ ምክንያት መኖሩን ፍትሕ ሚኒስቴር ሲያረጋግጥ ብቻ ነው። ያለዚህ ፈቃድ በተራ ውክልና ተጋባን ማለት ማመልከቻውን ከመነሻው ያፈርሰዋል።

ከዚህ ቀደም አግብቶ የነበረ ሰው ፍቺውን በፍርድ ቤት ውሳኔ ማስረዳት አለበት። በሽማግሌ ዕርቅ ተለያይቶ ንብረት መካፈል ብቻውን ፍቺ አይደለም፤ ፍቺ የሚወሰነው በፍርድ ቤት ነው። አንዲት ሴት የቀድሞ ጋብቻዋ ከፈረሰ 180 ቀናት ሳይሞሉ እንደገና ማግባት እንደማትችል፣ ለዚህም ሕጉ የተወሰኑ ልዩ ሁኔታዎችን እንዳስቀመጠ መታወስ አለበት። እንደ ፍርድ ቤት ውሳኔ ያሉ በአማርኛ ብቻ የተጻፉ ሰነዶች ፈቃድ ባለው ተርጓሚ መተርጎም ይኖርባቸዋል።

ልደት፣ ስምና ቀን

በአገር አቀፍ ደረጃ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የተወለዱ አብዛኞቹ አመልካቾች የልደት ምስክር ወረቀት የሚያወጡት ከተወለዱ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ስለዚህ የክርስትና ካርድ፣ የሆስፒታል የልደት ማስታወቂያ፣ የትምህርት ቤት ማስረጃ፣ የቀድሞው ቀበሌ የቤተሰብ ቅጽ የመሳሰሉ ዕድሜ ጠገብ ወረቀቶችን አለመጣል ጥሩ ነው። የቀድሞ ቀበሌዎች ወደ ወረዳ ተጠቃለዋል፤ ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ሲቋቋምም የየካ የምሥራቅ አካባቢዎች ወደዚያ ሄደዋል። በዚያ አካባቢ የኖረ ሰው ፋይሉ ዛሬ በየትኛው ጽሕፈት ቤት እንደሚገኝ አስቀድሞ ማጣራት አለበት።

ቀን መቀየር ቀላል ይመስላል። ብዙዎች በዓመቱ ላይ 7 ወይም 8 ደምረው ይጨርሳሉ። ታኅሣሥ 20 ቀን 1985 ዓ.ም. ዲሴምበር 29 ቀን 1992 ሲሆን፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ያለው ጥር 5 ቀን 1985 ዓ.ም. ግን ጃንዋሪ 13 ቀን 1993 ነው። ጥር 5 ቀን 1984 ዓ.ም. ደግሞ ጳጉሜን 6 ቀን የነበረችበትን ዓመት ተከትሎ ስለሚመጣ በጃንዋሪ 14 ቀን 1992 ይውላል። በልደት ምስክር ወረቀት 13፣ በፓስፖርት 14 ተብሎ የተጻፈ ቀን ለባዕድ መርማሪ የሁለት ሰዎች ልደት ነው።

የስም ጉዳይም እንዲሁ ነው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ነው ያለን፤ ሚስትም በባሏ ስም አትጠራም። የጀርመን ቅጽ ግን የቤተሰብ ስም ይጠይቃል። በላቲን ፊደል የሚጻፈው ስም በሁሉም ሰነድ ላይ ከፓስፖርቱ ጋር በፊደል አንድ መሆን አለበት። ልዩነት ካለ ቃለ መሐላ ከማዘጋጀት ይልቅ ሰነዱን ያወጣው ጽሕፈት ቤት እንዲያርመው ማድረግ የተሻለ ነው፤ ካልተቻለ ወደ ፍርድ ቤት ማመልከት ይቻላል። እርማቱ ከቀጠሮ በፊት እንጂ ከቀጠሮ በኋላ እንዳይሆን።

የኤምባሲው የሰነድ ማጣራት

የጀርመን ኤምባሲ የኢትዮጵያን ሰነዶች በማኅተም ብቻ አያረጋግጥም። ኢትዮጵያ ይህ አሠራር ከተቋረጠባቸው አገሮች አንዷ ናት። በምትኩ ኤምባሲው በሚያምነው ሰው፣ ብዙ ጊዜም በጠበቃ አማካይነት ሰነዱ ወደ ወጣበት ጽሕፈት ቤት ሄዶ ከመዝገብ ጋር ያመሳክራል። ወጪውን አመልካቹ ይሸፍናል፤ ሥራውም ወራት ይወስዳል። በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የተረጋገጠ ሰነድ ማኅተሙ እውነተኛ መሆኑን ይመሰክራል እንጂ ይህን ማጣራት አያስቀርም። ከደላላ የተገዛ ወረቀት የሚጋለጠው በዚህ ደረጃ ነው፤ በሐሰት ሰነድ የተወገደ ማመልከቻ ቀጥሎ የሚቀርበውንም ያጠለሻል።

ጀርመን ከገቡ በኋላ

የጀርመን ዜጋ ያገባ ሰው በመኖሪያ ፈቃድ 3 ዓመት ከኖረ፣ ትዳሩም ከቀጠለ፣ የቋንቋ ደረጃውን ወደ ቢ1 ካሳደገ ቋሚ ፈቃድ ሊጠይቅ ይችላል። የጀርመን ዜጋ ያልሆነ ሰው ያገባ በአብዛኛው 5 ዓመት ይጠብቃል። ከቢ1 በተጨማሪ በቂ ገቢና ቤት፣ የ60 ወር የጡረታ መዋጮ፣ ስለ አገሪቱ ሕግና ማኅበራዊ ሥርዓት የሚጠይቅ ፈተናን ማለፍ ይኖርበታል። አብረው የሚኖሩ ባልና ሚስት ከሆኑ የጡረታ መዋጮውን አንዳቸው ማሟላታቸው ይበቃል። ለቢ1 የሚያዘጋጀው የውህደት ትምህርት በመደበኛው 600 ሰዓት ቋንቋና 100 ሰዓት ስለ አገሩ የሚሰጥ ገለጻ አለው።

በቅድሚያ ሊታወቅ የሚገባው ሌላ ጉዳይ አለ፤ በተለይ ሴቶች ቢያውቁት መልካም ነው። ባልና ሚስት በጀርመን 3 ዓመት አብረው ከኖሩ በኋላ ቢለያዩ፣ በትዳር የመጣው ወገን በራሱ ስም የመኖሪያ ፈቃድ ይጠይቃል። 3 ዓመቱ ባይሞላም በቤት ውስጥ ጥቃት የሚደርስበት ሰው በከባድ ችግር ምክንያት ይህን ማመልከት ይችላል። ስለዚህ «ከተለየሽኝ ያባርሩሻል» የሚለው ማስፈራሪያ ሁልጊዜ እውነት አይደለም።

ቋሚ ፈቃድ ዜግነት አይደለም፤ ያገኘው ሰው ኢትዮጵያዊ ሆኖ ይቀጥላል። ጀርመን ከሰኔ 20 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ዜግነት ለሚጠይቅ ሰው የቀድሞውን እንዲተው ማስገደዷን አቁማለች። በኢትዮጵያ ሕግ ግን በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ሰው ኢትዮጵያዊነቱን ያጣል፤ ከዚያ በኋላ የሚኖረው በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የሚሰጠው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ነው። ቋሚ ፈቃድ ይዘው ኢትዮጵያዊ ሆነው የሚቀጥሉ ወገኖች ፓስፖርታቸው ከማለቁ በፊት በበርሊን ኤምባሲ ወይም በፍራንክፈርት ቆንስላ ጽሕፈት ቤት ማሳደስ ይኖርባቸዋል።