በሜዳ የሙዚቃ በዓል ላይ የመጠጥ ዳስ ሥራና ታሪኩ

ዳስ ማለት ለሠርግ፥ ለተዝካር ወይም ለሌላ ድግስ ተብሎ ለጊዜው የሚጣል፥ ድግሱም ሲያበቃ የሚፈርስ መጠለያ መሆኑ ለአንባቢ የታወቀ ነው። በዳሱ ውስጥ ለተቀመጡት እንግዶች መጠጥ የሚያድለው ሰው አሳላፊ ይባላል። አሳላፊ ሻጭ አይደለም፤ የደጋሹ እጅ ሆኖ ያቀርባል እንጂ ከእንግዳው ዋጋ አይቀበልም። መጠጥ የሚሸጥበት ስፍራ ግን ሌላ ነው፤ እርሱም ጠላ ቤቱና ጠጅ ቤቱ ነው። እዚያ የገባ ሰው ከፍሎ ይጠጣል፤ ገንዘቡም ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል፤ ሻጯ ብዙውን ጊዜ በዚያ ሥራ ልጆቿን የምታሳድግ የቤቱ ባለቤት ናትና። አዝማሪው መሰንቆውን ይዞ በሁለቱም ስፍራ ይገኛል፤ ጠጪው ግን በአንደኛው እንግዳ፥ በሁለተኛው ደንበኛ መሆኑን አይስተውም።

ከ1960ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ጀምሮ በአሜሪካና በአውሮፓ አንድ ልዩ ዓይነት ስብሰባ እየተስፋፋ ሄደ። ይኸውም ብዙ ሺሕ ሰዎች በእርሻ ሜዳ ላይ ድንኳን ተክለው፥ ለጥቂት ቀናት እዚያው እያደሩ ሙዚቃ የሚሰሙበት፥ በተለምዶ ፌስቲቫል የሚባለው በዓል ነው። በዚህ በዓል ላይ ዳሱና ጠጅ ቤቱ አንድ ሆኑ። ታዳሚው የመግቢያ ዋጋ ከፍሎ ስለ ገባ ራሱን እንደ እንግዳ ይቈጥራል፤ ነገር ግን በአጥር ውስጥ ስላለና ሱቁ ሩቅ ስለሆነ፥ ሲጠማው የሚሄደው ወደ መጠጥ ዳሱ ብቻ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የዚህን ዳስ ታሪክ ባጭሩ ማቅረብና፥ የበዓሉ ጠባይ ከመድረኩ ይልቅ ከመጠጥ ዳሱ እንደሚታወቅ ማስረዳት ነው። የሚቀዳው ማን ነው? ትርፉ ለማን ይውላል? ውሃስ የማን ነው? እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች መሪዎቻችን ይሆናሉ። ምሳሌዎቹ ከአሜሪካ፥ ከእንግሊዝና ከዴንማርክ የተወሰዱ ሲሆኑ፥ ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው። ጸሐፊው በእንግሊዝ አገር ተማሪ ሳለ በእንዲህ ያለ ዳስ ውስጥ ስለ ሠራ፥ በዓይኑ ያየውን በየስፍራው ይጨምራል።

ነገሩ ገና ከመጀመሪያው ግልጥ ሆኖ ታይቷል። በኦገስት 1969 በኒው ዮርክ ግዛት ቤቴል በምትባል የገጠር ቀበሌ የተደረገው የዉድስቶክ በዓል ወደ 400,000 የሚጠጋ ሰው ሰበሰበ። ምግብና መጠጥ የማቅረቡ ሥራ እንዲህ ላለ ጉዳይ ልምድ ለሌላቸው ሰዎች ተሰጥቶ ነበር። ያን ያህል ሕዝብ ይመጣል ብሎ ያሰናዳ ስላልነበረ ስንቁ ቶሎ አለቀ፤ የቀረውም ተወደደ፤ በዋጋው የተቈጡ ሰዎች ከመሸጫዎቹ ሁለቱን በሌሊት አቃጠሉ። በአንጻሩ ደግሞ የአካባቢው ነዋሪዎች ምግብ አዋጥተው ላኩ። ሜዳውን ያከራየው የወተት ላም አርቢ ማክስ ያስገርም ከጎረቤቶቹ አንዳንዶቹ ውሃ እንደሚሸጡ በሰማ ጊዜ፥ ውሃ በነጻ የሚሰጥ መሆኑን የሚገልጥ ትልቅ ጽሑፍ በጎተራው ላይ ሰቀለ። በአንድ ሜዳ፥ በጥቂት ቀናት ውስጥ፥ የሻጩና የደጋሹ ጠባይ ጎን ለጎን ታየ ማለት ነው።

በሚቀጥለው ዓመት በሴፕቴምበር 1970 በእንግሊዝ አገር በሶመርሴት አውራጃ፥ ፒልተን በተባለ መንደር፥ ማይክል ኢቪስ የሚባል ሌላ የወተት ገበሬ በእርሻው ላይ አነስ ያለ በዓል አዘጋጀ። የመጡት ሰዎች 1,500 ያህል ነበሩ። የመግቢያው ዋጋ አንድ ፓውንድ ሲሆን፥ የከፈለ ሁሉ ከእርሻው የታለበውን ወተት በነጻ ይጠጣ ነበር። ዛሬ ግላስተንበሪ እየተባለ የሚጠራውና ከ200,000 በላይ ሰው የሚገኝበት በዓል አጀማመሩ ይህ ነው። በዚያ ቀን ወተቱን ይቀዳ የነበረው ሰው በአማርኛችን አሳላፊ ሊባል የሚገባው ነበር። ነገር ግን 1,500 የነበረው ታዳሚ ወደ ብዙ ዐሥር ሺሕ ባደገ ጊዜ የአንድ እርሻ ወተት አይበቃም፤ የአንድ ደጋሽ እጅም ለሁሉ አይደርስም። እንግዲህ በደጋሹ ስፍራ ማን ይቁም? ለዚህ ጥያቄ ዴንማርክና እንግሊዝ ሁለት የሚቀራረቡ መልሶች ሰጡ።

የዴንማርኩ በዓል የሚደረገው ከኮፐንሀገን በስተ ምዕራብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በሮስኪልዴ ከተማ ነው። በ1971 የጀመሩት ሁለት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ከአንድ የሙዚቃ ዝግጅት ነጋዴ ጋር ሆነው ሲሆን፥ በ1972 ለበጎ አድራጎት የቆመ የከተማይቱ ማኅበር ተረከበው። ከዚያ ወዲህ የበዓሉ ትርፍ ለልጆችና ለወጣቶች፥ ለባህልና ለሰብአዊ ርዳታ ሥራ ይሰጣል። በበዓሉ ሰሞን 30,000 ያህል በጎ ፈቃደኞች ያገለግላሉ። ከመጠጥና ከምግብ መሸጫዎቹ ብዙዎቹን የሚያንቀሳቅሱት የስፖርት ክለቦችና ሌሎች የአካባቢ ማኅበራት ናቸው። አንዱ አባል 30 ሰዓት ያህል ሠርቶ ለራሱ የመግቢያ ፈቃድ ሲያገኝ፥ ክለቡ ደግሞ ከሥራው የሚገኘውን ገንዘብ ለዓመቱ ወጪው ያውለዋል።

ይህን ልማድ ከእኛ ደቦና ወንፈል ጋር ማመሳሰል ይቻላል፤ ነገር ግን ልዩነቱን መዘንጋት አይገባም። በወንፈል የሠራ ገበሬ ጉልበቱን ያበደረው ለሚያውቀው ሰው ነው፤ ተራው ሲደርስም ጉልበቱ በጉልበት ይመለስለታል። በደቦም የእርሻው ባለቤት ሠራተኞቹን ጠላ እያጠጣ ያሠራል። በሮስኪልዴ ግን ጉልበቱ የሚበደረው ለማኅበር ነው፤ ብድሩም የሚመለሰው በገንዘብ፥ ለራሱ ለማኅበሩ ነው። ስለዚህ ከደቦ ይልቅ፥ እያንዳንዱ አባል በተራው የሚደግስበትን የጽዋ ማኅበር ይመስላል ብንል የተሻለ ይሆናል፤ በሁለቱም የሚቀዳው ሰው የሚቀዳው በማኅበሩ ስም ነውና።

በእንግሊዝ አገር መልሱን የሰጡት የሠራተኛ ማኅበራት ናቸው። በ1986 በደቡብ ለንደን የባተርሲና የዎንድዝወርዝ የሠራተኛ ማኅበራት ምክር ቤት፥ የሠራተኞች ቢራ ኩባንያ የሚባል ድርጅት አቋቋመ። አሠራሩ እንዲህ ነው። አንድ የሠራተኞች ማኅበር ወይም ለአንድ ዓላማ የሚታገል ቡድን አባሎቹን ይልካል፤ እነርሱም በግላስተንበሪና በሌሎች በዓላት ላይ በመጠጥ ዳስ ያገለግላሉ፤ ለእነርሱ ሊከፈል የሚገባው የሰዓት ደመወዝ ለላካቸው ቡድን ይሰጣል። ሠራተኛው ራሱ ወደ በዓሉ መግባትና በሜዳው ማደር ይፈቀድለታል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር፥ ደመወዙ ተቈጥሮ መታወቁ ነው። ጉልበቱ ስጦታ ይሁን እንጂ ዋጋ የሌለው ነገር አይደለም።

አሁን ደግሞ ሥራውን ራሱን እንመልከት። በእንግሊዝ አገር ድራፍት ቢራ የሚሸጠው በሕግ በተወሰነ መስፈሪያ ሲሆን፥ ዋናው መስፈሪያ ፓይንት ይባላል፤ እርሱም 568 ሚሊ ሊትር ነው። አንድ የ50 ሊትር በርሜል 88 ፓይንት ይወጣዋል። ነገር ግን በርሜሉ ከሞቀ ወይም ሲንቀሳቀስ ከተናወጠ ቢራው አረፋ ብቻ ይሆናል፤ ስለዚህ ቀጂው ኩባያውን አዘንብሎ መያዝ፥ ቧንቧውንም በአንድ ጊዜ ከፍቶ በአንድ ጊዜ መዝጋት አለበት። ዕድሜው ከ18 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መሸጥ ስለማይፈቀድ፥ ወጣት የሚመስለውን ሁሉ መታወቂያ ይጠይቃል። ባንኮኒው ላይ ሰልፍ የለም፤ ብዙ ክንድ በአንድ ጊዜ ይዘረጋል፤ ማን ቀድሞ እንደ መጣ የማስታወስ ኀላፊነት የቀጂው ነው። ተራ የተዛባበት ሰው ከዋጋው ይልቅ በዚህ ይቈጣል። መድረኩ ከዳሱ አይታይም፤ ሙዚቃውም በድንኳኑ ሸራ ውስጥ የሚሰማው እንደ ሩቅ ነጎድጓድ ነው። ቢሆንም ሠራተኛው የበዓሉን መርሐ ግብር ከማንም ይልቅ ያውቃል፤ አንድ ዘፋኝ ባበቃ ቁጥር ሕዝቡ እንደ ጎርፍ ይመጣል፤ ሌላው ሲጀምር ደግሞ ባንኮኒው ባዶ ይሆናል።

ከዚህ ሥራ ጋር የተያያዘ ሌላም ሥራ አለ፤ ባዶ ኩባያና ጣሳ መልቀም ነው። በዴንማርክ ለእያንዳንዱ ዕቃ መያዣ ይከፈላል፤ ዕቃውን የመለሰ ሰው መያዣውን ይቀበላል። ብዙ ታዳሚዎች ይህን ጥቂት ገንዘብ ስለማይፈልጉ ዕቃውን በሜዳው ላይ ይጥሉታል፤ ከምሥራቅ አውሮፓና ከምዕራብ አፍሪካ የመጡ ድኾች ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ይለቅሙታል። እንግዲህ በአንዲት ኩባያ ላይ ሦስት ሰዎች ተገናኝተዋል፤ አንዱ ለመዝናናት ይጠጣበታል፥ ሁለተኛው ለማኅበሩ ብሎ ይቀዳበታል፥ ሦስተኛው ለዕለት እንጀራው ያነሣዋል። የበዓሉን ኅብረት የሚያመሰግን ተመራማሪ ሦስተኛውን ሰው መርሳት የለበትም።

በበጎ ፈቃድ ሥራውም ላይ ተገቢ የሆነ ተቃውሞ ይነሣል። ያለ ደመወዝ የሚሠራ ተማሪ ባለበት ስፍራ ደመወዝ የሚያስፈልገው ሠራተኛ ሥራ አያገኝም፤ በዓሉም የነጋዴ ከሆነ፥ በጎ ፈቃደኛው ሳያውቀው ለባለሀብት ትርፍ ይለፋል የሚል ነው። ጸሐፊው ተቃውሞው እውነትነት እንዳለው ያምናል። ነገር ግን ፍርዱ በየበዓሉ ሊለያይ ይገባል፤ የሒሳቡ መዝገብ በግልጥ የሚታይበትና የማይታይበት አንድ አይደሉምና።

ትርፍን ብቻ የሚመለከት አሠራር ወዴት እንደሚያደርስ ግን በ1999 ታየ። የመጀመሪያውን ዉድስቶክ ለማሰብ በጁላይ ወር በኒው ዮርክ ግዛት፥ ሮም በምትባል ከተማ፥ በአንድ የቀድሞ የአየር ኀይል ጦር ሰፈር ላይ ታላቅ በዓል ተደረገ። ሜዳው ለአውሮፕላን ማረፊያ የተሠራ ስለሆነ መሬቱ ኮንክሪትና አስፋልት የበዛበት፥ ጥላ የሌለበት ነበር፤ ሙቀቱም እጅግ ከባድ ሆነ። የነጻው ውሃ ቧንቧ ለዚያ ሕዝብ አልበቃም፤ አንድ ጠርሙስ ውሃ ደግሞ 4 ዶላር ይሸጥ ነበር። በመጨረሻው ሌሊት እሳት ተለኰሰ፤ የሻጮቹም ዳሶች ተዘረፉ። ሁከቱ ከብዙ ምክንያት የመጣ ነው፤ በዚያ በዓል በሴቶች ላይ የተፈጸመው ግፍም በውሃ ዋጋ ሊመካኝ አይችልም። ይሁን እንጂ ከሠላሳ ዓመት በፊት ገበሬው በነጻ የሰጠው ነገር በመታሰቢያው በዓል ላይ የቍጣ ምክንያት መሆኑ ሊታለፍ የሚገባው አይደለም።

በእንግሊዝ አገር በ2010 የወጣው ደንብ፥ የመጠጥ ፈቃድ ያለው መሸጫ የሚጠጣ የቧንቧ ውሃ ለጠየቀው ደንበኛ፥ በስፍራው የሚገኝ እስከ ሆነ ድረስ፥ በነጻ እንዲሰጥ ያዝዛል። ጸሐፊው በ2013 በጁላይ ወር በአንድ የሜዳ በዓል ላይ፥ ለተማሪዎች ማኅበር ገንዘብ ለማግኘት በመጠጥ ዳስ ውስጥ ሲያገለግል ይህን ደንብ አያውቅም ነበር። ዳሱ ከላይ ከተነገሩት ድርጅቶች የአንዱም አይደለም። ወሩ በዚያ አገር እንግዳ የሆነ ሙቀት የበረታበት ነበር። የዳሱ ኀላፊ፥ ውሃ ለሚጠይቁ ሁሉ ቧንቧው ተበላሽቷል እንድንል አዘዘን፤ የታሸገው ውሃ እንዲሸጥለት ነው። ጸሐፊውም ፊቷ በፀሐይ ለተቃጠለ አንዲት ልጅ እንደ ታዘዘው ተናገረ። እርሷም ኪሷን ፈትሻ፥ ዝም ብላ ተመለሰች። ከጎኑ ትሠራ የነበረች በዕድሜ የገፋች ሴት ይህን ሰምታ ምንም አልተናገረችም፤ አንድ ትልቅ ማሰሮ የሚያህል ዕቃ ከቧንቧው ሞልታ፥ ከኩባያዎች ጋር በባንኮኒው ጫፍ ላይ አኖረችው። ኀላፊው አይቶ አለፈ። ዕቃው እስከ ማታ ድረስ ብዙ ጊዜ ተሞላ፤ ልጅቱ ግን አልተመለሰችም። ለመንገደኛ ውሃ መከልከል ነውር በሆነበት አገር ያደገ ሰው ያን ቃል እንዴት ሊናገር ቻለ ቢባል፥ መልሱ ቀላል ነው፤ በዚያች ሰዓት የማን እጅ ሆኖ እንደሚቀዳ አላሰበም ነበር።

ከ1994 ጀምሮ በግላስተንበሪ በዓል ላይ የሚሳተፈው ዎተርኤድ የተባለው ድርጅት፥ በጎ ፈቃደኞቹን አሰልፎ በሜዳው ላይ ውሃ ሲያድል፥ ስለ ንጹሕ ውሃ ችግርም ሲያስረዳ ቆይቷል። ይኸው ድርጅት በአገራችንም የውሃ ሥራ ይሠራል። ስለዚህ በፒልተን ሜዳ ውሃ የሚቀዳው ወጣት ሥራና በእኛ ገጠር ከሩቅ ምንጭ በጀርባዋ ውሃ የምታመጣው ሴት ድካም ሳይተዋወቁ ተገናኝተዋል።

ካየነው ታሪክ የሚከተለውን መደምደም ይቻላል። የሜዳ የሙዚቃ በዓል ከገበያ ሊለይ አይችልም፤ መለየትም አያስፈልገውም። ሕዝቡ ለቢራ መክፈልን አይጠላም፤ ጠጅ ቤት የገባም ሰው አይጠላውም። የሚያስቈጣው በእንግድነት ተጠርቶ በጥሙ ሲነገድበት ነው። ትርፉ ለታወቀ ጉዳይ በሚውልበት፥ የቀጂው ጉልበት በተቈጠረበት፥ ውሃም ለሁሉ በነጻ በሚሰጥበት ስፍራ አሳላፊውና ሻጩ በአንድ ባንኮኒ ኋላ አብረው ሊቆሙ ችለዋል።

በአገራችንም ከተሞች በአደባባይና በሜዳ የሚደረጉ የሙዚቃ ዝግጅቶች አሉ፤ በእነርሱም ላይ የመጠጥ መሸጫ ይተከላል። በዚያ የሚሠሩት ወጣቶች እነማን እንደሆኑ፥ በስንት ሰዓት ስንት እንደሚከፈላቸው፥ ማኅበሮቻችንና ዕድሮቻችንም በዚህ ሥራ ሊጠቀሙ ይችሉ እንደሆነ፥ ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የሚፈልጉ ተማሪዎቻችን ቢያጠኑት የሚጠቅም ይሆናል። ጥናቱን የሚጀምር ተማሪም አስቀድሞ አንድ ሌሊት በዳሱ ውስጥ ቢቀዳ፥ ከብዙ ጥያቄ በፊት ብዙ መልስ ያገኛል።