ዘይት ወደ ህንድ ማዕድ ቤት እንዴት ገባ?



የህንድ ምግብ ሲነሳ ለብዙዎቻችን የሚታየን በዘይት የዋኘ ሳምቡሳና ዘይቱ ከላይ የተንሳፈፈ ወጥ ነው። ያለ ዘይት የሚሠራ የህንድ የቤት ምግብ ሲባል ሐኪም ያዘዘው አዲስ ነገር ይመስለናል። ታሪኩ ግን ተገላቢጦሽ ነው፤ በብዙ የህንድ ቤት እንግዳው የዘይቱ ብዛት ነው። (ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጽፌያለሁ።)

እንዲህ ስል ህንዶች ድሮ ዘይት አያውቁም ማለቴ አይደለም። ቤንጋል የሰናፍጭ፣ ታሚል ናዱ የሰሊጥ፣ ኬረላ የኮኮናት ዘይት ነበራቸው። ዘይቱን የሚያወጡት በሬ እየዞረ በሚያሽከረክረው "ጋኒ" በተባለ መጭመቂያ ነበር። በዚህ መንገድ የሚገኘው ጥቂት ስለሆነ ዝቅተኛ ገቢ ባለው ቤት ዘይት የሚለካው በማንኪያ ነው፤ ቅመም ተቁላልቶበት ምስሩ ላይ ጠብ ይላል። ቅቤ ደግሞ ላም ያለው ሰው ነገር ነው።

የዕለት ምግቡ ግን በአብዛኛው ያለ ዘይት የሚሠራ ነበር። ፑልካ የሚባለው ቂጣ በደረቅ ምጣድ ይጋገርና እሳት ላይ ሲያርፍ እንደ ፊኛ ይነፋል። ቢሃር ውስጥ ሳቱ አለ፤ ሽምብራ ተቆልቶ ይፈጭና በውሃና በጨው ይበጠበጣል። በሶ እየጠጣች ላደገች ሴት ከዚህ በላይ ማብራራት አያስፈልግም።

ከሁሉም እኔን የሚገርመኝ የደቡቡ ኢድሊ ነው። ሩዝና "ኡራድ" የተባለ ጥራጥሬ (ቅርፊቱ ጥቁር፣ ውስጡ ነጭ ነው) ለየብቻ ለሰዓታት ይዘፈዘፋሉ። ብዙ ሴቶች ከኡራዱ ጋር ትንሽ አብሽ ይጨምራሉ። ከዚያ ለየብቻ ተፈጭተው ይቀላቀሉና ሊጡ እስኪነጋ ይቦካል። እንደ እኛ እርሾ አይጨመርበትም፤ በራሱ ይነሳል። ጠዋት ትናንሽ ጎድጓዳ ባሉት ዕቃ ተደርጎ በእንፋሎት አሥር ደቂቃ ያህል ይበስላል። አንዲት ጠብታ ዘይት ሳይገባበት ለስላሳ ቁርስ ሆነ ማለት ነው። ዕቃውን በዘይት የሚያብሱ አሉ፤ እርጥብ ጨርቅ አንጥፈው የሚያበስሉም አሉ።

የኢድሊ ስም በ920 ገደማ በተጻፈ የካናድኛ መጽሐፍ ይገኛል። ነገር ግን የህንድ ምግብ ታሪክ አጥኚው ኬ. ቲ. አቻያ እንዳሳየው በጥንቶቹ ጽሑፎች ያለው ኢድሊ ከኡራድ ብቻ የሚሠራ ነበር፤ ሩዝም፣ ረጅም ቡኮትም፣ እንፋሎትም አልተጠቀሰበትም። እነዚህ በኋላ የመጡ ናቸው፤ እሱም ምናልባት ከኢንዶኔዥያ ሳይመጡ አልቀረም ብሎ ገምቷል። ስለዚህ "የአያቶቻችን ምግብ" ሲባል የትኛዋ አያት ብሎ መጠየቅ ሳይሻል አይቀርም።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በ1937 ነው። የሊቨር ኩባንያ "ዳልዳ" የተባለ የረጋ የአትክልት ዘይት ለገበያ አቀረበ። ስሙ የመጣው "ዳዳ" ከተባለ የሆላንድ ድርጅት ነው፤ ሊቨር የራሱን "ል" መሀል ላይ ሰካበት። ፈሳሽ ዘይት ከሃይድሮጅን ጋር ተዋህዶ ሲረጋ ቅቤ ይመስላል፣ ዋጋው ግን ከቅቤ በብዙ ይቀንሳል። ኩባንያው ፊልም ሠርቶ በሲኒማ ቤት አሳየ፣ የዳልዳ ቆርቆሮ የመሰለ መኪና በየመንገዱ አዞረ። እኛ የልብስ ሳሙና ዱቄትን ሁሉ ኦሞ እንደምንለው እዚያም የረጋ ዘይት ሁሉ ዳልዳ ተባለ። ቅቤ መግዛት ያልቻለች ሴት ለእንግዳ የምታቀርበው አገኘች፤ በዚህ ማን ይፈርድባታል? ጉዳቱ የታወቀው ዘግይቶ ነው። ዘይቱ በከፊል ሲረጋ ትራንስ ፋት የተባለ ልብን የሚጎዳ ስብ ይፈጠራል። የህንድ መንግሥት በዘይትና በቅባት ውስጥ ያለው ትራንስ ፋት ከ2 በመቶ እንዳይበልጥ የወሰነው ከጥር 2022 ጀምሮ ነው፤ ዳልዳ ከመጣ ከ80 ዓመት በላይ ቆይቶ ማለት ነው።

ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ደግሞ የውጭ ንግዱ ሲከፈት የኢንዶኔዥያና የማሌዥያ ፓልም ዘይት ጎረፈ። ዛሬ ህንድ በዓለም አንደኛ የምግብ ዘይት አስመጪ ናት፤ ከምትጠቀመው ከግማሽ በላይ የሚሆነው ከውጭ ይገባል። ኢንዶኔዥያ በሚያዝያ 2022 ለሦስት ሳምንት ገደማ ወደ ውጭ መላክ ስታቆም የህንድ ገበያ ተናወጠ። በዚያው ዓመት እዚህ አንድ ጀሪካን ዘይት ፍለጋ የተንከራተትን እናስታውሰዋለን።

ይህን ሁሉ አንብባ "እንግዲያው ወደ እንፋሎቱ እንመለስ" የምትል እህት ትኖራለች። እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝና አንድ ያልተመዘገበ ወጪ ይታየኛል። ያለ ዘይት የሚበላው ምግብ ነጻ አልነበረም። መዘፍዘፉ፣ መፍጨቱ፣ ማቡካቱ የሴት ጉልበት ነው። የኢድሊ ሊጥ ይፈጭ የነበረው ጎድጓዳ ድንጋይ ውስጥ በሚሽከረከር ከባድ ድንጋይ ነው፤ መጅ ይዛ የፈጨች ታውቀዋለች። ቀኑን ሙሉ ሥራ ውላ ለምትገባ ሴት ፈጣኑ ነገር መጥበስ ነው፤ የሚጠበስ ሊጥ ሌሊቱን ማደር የለበትም። ዘይቱ የገባው ርካሽ ስለሆነ ብቻ ሳይሆን በዚህም በር ይመስለኛል።

ለዚህ ነው ከዳልዳ ታሪክ ይልቅ የኮይምባቶር ከተማ ታሪክ የሚያስደስተኝ። በ1950ዎቹ እዚያ የእርጥብ እህል መፍጫ ተሠራ፤ የድንጋዩን ሥራ ኤሌክትሪክ ወሰደው። ዛሬ በቼናይና በባንጋሎር የቦካ የኢድሊ ሊጥ በፓኬት ታሽጎ በየሱቁ ይሸጣል። ብዙ ሴቶችም መፍጫውን ገዝተው ቤታቸው እየፈጩ ለጎረቤት በኪሎ ይሸጣሉ፤ ማታ ከሥራ ስትመለስ የምትወስደው ደንበኛ እንፋሎቱን ብቻ ትጨምርበታለች።