ቦሩ ሜዳ ላይ የሚጠፋ ብልሽት

አልፎ አልፎ እየታየ የሚጠፋ የማርሽ ብልሽት ለመካኒክ ከተሰባበረ ካምቢዮ ይብሳል። የተሰበረው ሲፈታ ራሱን ያጋልጣል፤ የሚመጣና የሚሄደው ግን ሞተር ሳይክሉ ጋራዥ በር ላይ ሲደርስ ድራሹ ይጠፋል፤ ደንበኛውም ውሸታም ይመስላል። ይህን ጣጣ ለመረዳት የደሴና የኮምቦልቻ አካባቢ ጥሩ አስተማሪ ነው። ከደሴ በስተሰሜን ያለው ቦሩ ሜዳ እንደ ስሙ ሜዳ ነው፤ ብርዱ ይቆነጥጣል፣ መንገዱ ግን ረጋ ያለ ነው። ከደሴ ወደ ደቡብ ሲኬድ መንገዱ ሐረጎ በሚባለው ቁልቁለት እየተጠማዘዘ ይወርድና፣ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ካለችው ደሴ ተነስቶ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ካለችው ኮምቦልቻ ይደርሳል። ርቀቱ ቢበዛ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። በዚህች አጭር ጉዞ ብርድና ሙቀት፣ አቀበትና ቁልቁለት ይፈራረቃሉ፤ ስለዚህ ቦሩ ሜዳ ላይ ደህና የነበረ ማርሽ ሐረጎ ላይ እምቢ ቢል አይገርምም። እኔ የምለው እንዲህ ነው፦ መንገዱ መኪና ካየ ጀምሮ ማርሽ የመቀየር ሥራ ከሰው እጅና እግር እየራቀ ወደ ማሽኑ ሆድ ገብቷል፤ ብልሽቱም አብሮት ገብቷል፤ የመፈለጊያው ዘዴ ግን ያው የጥንቱ ነው። እንዲህ ያለ ብልሽት የሚያዘው በሚታይበት ቦታና ሁኔታ ላይ ነው።

አፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1870 ዓ.ም. ንጉሥ ምኒልክንና ሊቃውንቱን ሰብስበው የሃይማኖት ክርክር ቦሩ ሜዳ ላይ ሲዳኙ ወደዚያ የሚያደርሰው በቅሎና እግር ነበር። ጎማ በብዛት የመጣው ከጦርነት ጋር ነው። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች አፄ ኃይለ ሥላሴ ያሉባትን ደሴን በቦምብ ደበደቡ፤ በዚያው ዓመት ሚያዝያ ወራሪው ከተማዋን ያዘ። ከዚያ በኋላ የተሠራው የአስመራ–አዲስ አበባ መንገድ በደሴና በኮምቦልቻ አለፈ፤ ከኮምቦልቻም ወደ አሰብ የሚወርደው ቅርንጫፍ ወጣ። ኮምቦልቻ የከባድ መኪና ከተማ የሆነችው በዚህ መገንጠያ ነው፤ አሰብ በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር በተነሣው ጦርነት እስኪዘጋብን ድረስም የወደቡ ጭነት በዚያ ተመላልሷል። ጣሊያን የተዋቸው እንደ ትሬንታ ኳትሮ ያሉ የጭነት መኪኖች ካምቢዮ የዛሬውን ዓይነት ዙር ማመጣጠኛ አልነበረውም። ሾፌሩ ፍሪሲዮን ሁለት ጊዜ እየረገጠ፣ በመሃል ነዳጅ ሰጥቶ የሞተሩንና የማርሹን ዙር በጆሮው ካላመጣጠነ ጥርሱ ይንጫጫል እንጂ አይገባም። ቁልቁለት ላይ አንዴ ያመለጠ ማርሽ ተመልሶ ላይገባ ይችላል፤ ረዳቱ ታኮ ይዞ የሚዘለውም ለዚህ ነው። ማርሽ አልገባ ሲል እንግዲህ ጥፋቱ የካምቢዮው ነው ወይስ የሾፌሩ? ሁለቱን መለየት የሚቻለው ጭነቱ፣ አቀበቱና ሾፌሩ አንድ ላይ ሲታዩ ብቻ ነበር።

ለከተማው መንገድ ማርሹን ወደ እጅ መዳፍ ያመጣውም የጣሊያን ልጅ ነው። ፒያጅዮ እ.ኤ.አ. በ1946 ባወጣው ቬስፓ ላይ ማርሹ በግራ እጅ የሚጠመዘዝ እጀታ ሆነ፤ ሕንዳዊው ኩባንያ ባጃጅ ቬስፓንና ባለ ሦስት እግሩን ከ1960 ገደማ ጀምሮ በፈቃድ ሠራ፤ ዛሬ በደሴ ዳገት ላይ የሚንፈራገጠው ባለ ሦስት እግርም ያንን ጥምዝ ወርሷል። የባጃጅ ማርሽ የሚታዘዘው በሁለት ቀጭን የሽቦ ገመዶች ነው፤ አንዱ ወደ ላይ፣ ሌላው ወደ ታች ይስባል። ገመዱ ሲለጠጥ ወይም ሽፋኑ ውስጥ ሲዝግ እጀታው ሦስተኛ ነኝ ይላል፣ ካምቢዮው ግን ፍሪ ላይ ቆሟል። ከዚያ ሁለት ጊዜ መለስ ቀለስ ሲደረግ ይገባና ብልሽቱ የለም ይባላል። ሆንዳ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1958 ሱፐር ከብን ሲያወጣ የፍሪሲዮኑን እጀታ ጭራሽ አስቀረው፤ ዓላማው ምግብ የሚያደርስ ሰው በአንድ እጁ እንዲነዳ ነበር። ቺንጋ የሚያዞራቸው ስኩተሮች ማርሹን ራሱን አስቀሩት። እ.ኤ.አ. በ2010 በቪኤፍአር 1200 ላይ የመጣው የሆንዳ ባለ ሁለት ፍሪሲዮን ካምቢዮ ውሳኔውን ለኮምፒውተር ሰጠ። ሰው ከጨዋታው ወጣ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ጠንከር ያለ ተቃውሞ አለ። የድሮው ሾፌር ማርሹን ራሱ ስለሚቀይር ብልሽቱን በእጁ ይሰማ ነበር፤ አውቶማቲክ የሚነዳው ግን ምንም ስለማይነካ ምን ሊናገር ይችላል? ብዙ ይናገራል፤ ጠያቂ ካገኘ። አቀበት ላይ ሞተሩ እየጮኸ ፍጥነቱ ካልጨመረ የሚንሸራተት ነገር አለ፤ በስኩተር ላይ ያለቀ ቺንጋ ወይም ዘይት የነካው ፍሪሲዮን፣ በከብ ዓይነቱ ላይ ደግሞ ለመኪና የተሠራ የሚያንሸራትት ዘይት መሆኑ ይጠረጠራል። የሞተር ሳይክል ዘይት ጣሳ ላይ ጃሶ ኤምኤ የሚል ምልክት የሚፈለገውም ለዚሁ ነው። በባለ ሁለት ፍሪሲዮኑ ላይ ማርሹ ጭራሽ እምቢ ብሎ ጠቋሚው መብራት ብልጭ ድርግም ካለ ነገሩ ወደ ኤሌክትሪክ ያዘነብላል፦ የደከመ ባትሪ፣ የላላ የማሳ ሽቦ፣ ውሃ የገባው ማገናኛ። ማርሹን የሚገፋው ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ስለሆነ ቮልቴጁ ሲወርድ ኮምፒውተሩ ቢያዝም የሚታዘዝ የለም። ማርሹ ወጣ ገባ እያለ መወሰን ካቃተው ደግሞ ከመፍታት በፊት ከፍታውን ማሰብ ይገባል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በደሴ ከፍታ ላይ በባሕር ጠረፍ ከሚያወጣው ኃይል ከአምስት አንዱን እጅ ገደማ ያጣል፤ ለጠረፍ ከተማ የተስተካከለ ስኩተር ዳገት ላይ ቢያቅማማ ተፈጥሮው ነው፤ የቺንጋው መዘውር ውስጥ ቀለል ያሉ ሮለሮች ሲገቡለት ይሻለዋል። ሐረጎን ሲወርዱ «ፍሪ ገባብኝ» የሚባለውም ብዙ ጊዜ ብልሽት አይደለም፦ ነዳጅ ሙሉ በሙሉ ሲለቀቅና ፍጥነቱ ሲቀንስ የስኩተሩ በዙር የሚሠራው ፍሪሲዮን ራሱ ይለቃል፤ ጥቂት ነዳጅ ሲሰጠው መልሶ ይይዛል። ይህን ያላወቀ ሰው በፍሬን ብቻ እየወረደ ፍሬኑን ያቃጥላል፣ መካኒኩም ደህናውን ካምቢዮ ይፈታል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የመሣሪያ ነው፦ ኮምፒውተሩን የሚያነብ ዕቃ ካለ ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል? ዕቃው ይጠቅማል፣ አልክድም። ነገር ግን የሚነግረን የትኛው ሴንሰር ምልክት እንዳቋረጠ ነው፤ ሴንሰሩ ሞቶ ይሁን ሽቦው ጠመዝማዛው መንገድ ላይ መሪው ሲዞር እየተሳበ ይሁን አይለይም። ሴንሰሩን ገዝቶ ቀይሮ ብልሽቱ ሲመለስ ማየት የተለመደ ኪሳራ ነው፤ መለዋወጫው ከአዲስ አበባ ወይም ከውጭ ለሚመጣለት ሰው ደግሞ እጥፍ ነው። ሦስተኛው ተቃውሞ፣ በወሎ አውቶማቲክ ሞተር ስንት አለና ነው የሚለው፣ እውነት አለው፤ ባጃጁና ባለ እግር ማርሹ ይበዛሉ። ሆኖም መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ነፋሱ ወዴት እንደሚነፍስ ግልጽ ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክል አብዛኛው ካምቢዮ እንኳ የለውም፤ ቀጥ ብሎ እንደገና የሚነሳበት ምክንያት ግን ያው ማገናኛ፣ ሽቦና ሙቀት ነው።

ስለዚህ ሞተርዎን ጋራዥ ከማስገባትዎ በፊት ብልሽቱ ሲመጣ ዳገት ይሁን ቁልቁለት፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ ይሁን ግሎ፣ ዝናብ ነበር ወይ፣ መብራቱስ ብልጭ ብሏል ወይ የሚለውን በወረቀት ይያዙ። መካኒኩም ካምቢዮውን ከመፍታቱ በፊት ባትሪውን በቮልት መለኪያ ይለካ፤ ቢቻል ሞተሩን ሐረጎ ድረስ ይንዳው።